ከጎማ ዛፍ የመጣው ፍራሽ

በስደት ጀብራ በሚባል ሰፈር በኖርንባቸው ዓመታት፣ ወደ ሦስተኛ አገር የሚሻገር ቤተሰብ ሁሉ ዕቃውን ለሚቀረው ጎረቤት አከፋፍሎ ይሄድ ነበር። የስንብት ዕቃ አይመለስም፤ መመለስ ሰጪውን እንደ መናቅ ይቆጠራል። በዚህ ሥርዓት የተነሣ ቤታችን ውስጥ ሁለት የማይሠሩ ቴሌቪዥኖች ነበሩ።

አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን ተራዋ ሲደርስ ለባለቤቴ የመረጠችላት የላቴክስ ፍራሿን ነበር። ያለ ምክንያት አልነበረም። የእኛ የጥጥ ፍራሽ፣ በአገሬው አጠራር መርተባ፣ አቧራ እየያዘ የባለቤቴን ደረት ያፍን ነበር።

«የተፈጥሮ ነው፣ መምህር» አለችኝ። «ከዛፍ የሚገኝ። ተኝታበት ሳላይ አልሄድም።»

ሳማም የተፈጥሮ ነው አልሁ በልቤ። ባለቤቴ ቀድሞ ሆስፒታል ስታጸዳ የጎማ ጓንት እጇን ያቀላውና ያሳብጠው እንደነበር አስታወስሁ። ያ ጓንትና ይህ ፍራሽ የአንድ ዛፍ ፈሳሽ ናቸው።

ቤት ገብተን ይህን ስነግራት «ጓንቱ ውስጥ ዱቄት ነበረ፤ እሱ ነው» አለች።

«ይሁን፤ ሐኪም ይወስን።»

«አንተ ደግሞ ለመርተባም ፈተና ታስገባኛለህ።»

የቆዳ ሐኪሙ በጓንቱ ታሪክ አልተደነቀም። መቅላቱ ከዱቄቱም ሆነ ጎማው ሲሠራ ከሚጨመርበት ነገር ሊመጣ እንደሚችል አስረዳን። ቀጥሎ ግን፣ የጎማ ዛፍ ፈሳሽ የማይስማማውን ሰው ብዙ ጊዜ ሙዝም አይስማማውም ብሎ፣ ሙዝ ስትበላ አፏን ያሳክካት እንደሆነ ጠየቃት። ባለቤቴ ወደ እኔ ሳትመለከት «ትንሽ» አለች። «ፊኛ ስነፋም ከንፈሬ ያብጣል።»

ይህን ከእሷ አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ያቺው ጎረቤታችን ሙዝ ባቀረበችላት ቁጥር፣ ላለማስቀየም ስትል እየሳቀች ትበላው ኖሯል።

ሐኪሙ የደም ምርመራ አዘዘ። ውጤቱ እስኪታወቅ ፍራሹን እንዳትጠጋው፣ አንሶላ ማልበስም ዋስትና እንደማይሆን፣ ደረቱ ቀድሞ የሚታፈን ሰው ተኝቶ መሞከር እንደሌለበት አስጠነቀቀን።

የጎረቤታችን የጉዞ ቀን ከውጤቱ ቀደመ። ባለቤቴ «ለአፍታ ብቻ ጋደም ልበልላትና ደስ ብሏት ትሂድ» አለች። ውጤቱ በኋላ የሐኪሙን ጥርጣሬ አጽንቷል፤ በዚያ ሰዓት ግን የነበረኝ ጥርጣሬ ብቻ ነበር፤ እሱም በቃኝ። በሰው ፊት ብዙ የማልናገር ሰው አጥሩን ዞሬ ሄድሁ።

«ልጄ፣ ፍራሽሽ እሷን ሊያፍናት ይችላል። አንወስደውም።»

ፊቷ ተለወጠ። ከኋላዬ ተከትላኝ የመጣችውን ባለቤቴን «እውነቱን ነው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ሙዝሽም ያሳክከኝ ነበር።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ብለሽ ትበያለሽ? እኔ እኮ ትወጂዋለሽ ብዬ ነው ከሱቅ እየመረጥሁ የማመጣው።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ቀድማ የሳቀችው ጎረቤታችን ነበረች። «ኻላስ፣ በቃ» አለችና የላቴክሱን ፍራሽ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ላለች ዘመዷ በረክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ ታክሲ፣ ላከችው። ለእኛ ደግሞ ከልጆቿ አልጋ የጎማ ዛፍ ፈሳሽ የሌለበት ተራ የስፖንጅ ፍራሽ አወረደች፤ ጨርቁ ወልቆ በፈላ ውኃ የሚታጠብ። «ይህን ሰጠሁ ብዬ ለማን አወራለሁ?» እያለች ራሷ ተሸክማ ቤታችን ድረስ አስገባችው። ባለቤቴ ጨርቁን አጥባ ሲደርቅ አለበሰችው፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ተጋደመችበት። ጎረቤታችን ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣ የጉዞዋን ነገር ማውራት ጀመረች።