የቢላው ቦታ

ባለቤቴ ጠላቂ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ባሕር በሌለበት አገር ምን ያጠልቀዋል ይለኛል። ሐይቅ አለ፤ ግድብ አለ፤ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚሞላው የድንጋይ ካባ አለ። ሰው ከእነዚህ በአንዱ ገብቶ ሳይወጣ ሲቀር የሚጠሩት እሱና የሥራ ባልደረባው ነበሩ። የሚጠሩትም ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ሃያ ዓመት ያህል ሲጠልቅ አንድም ሰው በሕይወት አላወጣም። ሥራው አስከሬን ማውጣት ነበር። ቤት ሲመለስ ግን ስላወጣው ሰው አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ማንገቻው ነው።

ማንገቻ የምንለው እኛ ቤት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ በእንግሊዝኛ ስሙ ይጠራዋል። ጠላቂው እንደ ቦርሳ ጀርባው ላይ የሚያዝለው ነው። ከኋላው የብረት ሳህን አለው፤ የአየር ሲሊንደሩ እሱ ላይ ይታሰራል። በሳህኑ ቀዳዳዎች አንድ ረጅም ጥቁር የናይለን ቀበቶ ይሾልክና በሁለቱ ትከሻዎች አልፎ፣ በደረት ወርዶ፣ ወገብ ላይ ይቆለፋል። ያ ነው ሁሉም ነገር። ጭንቁ ግን በዚያ ቀበቶ ላይ ምን የት ይቀመጥ የሚለው ነው። ባትሪ አለ፤ ባትሪው ቢጠፋ የሚበራ ሌላ ባትሪ አለ፤ የአየር መለኪያ አለ፤ የገመድ ጥቅልል አለ፤ የአንዱ አየር ቢያልቅ ከሌላው የሚጎርሰው ትርፍ የአየር አፍ አለ። ቢላ አለ።

ውኃው ድፍርስ ነው። የራስሽን መዳፍ ዓይንሽ ላይ ብትለጥፊው አይታይሽም ይለኝ ነበር። ስለዚህ እዚያ ታች ዕቃ በዓይን አይፈለግም፤ እጅ ራሱ ማወቅ አለበት። አንድ ዕቃ አንዴ ቦታ ከተሰጠው በኋላ አይዛወርም። የሚንጠለጠል ነገር አይወድም ነበር፤ የተንጠለጠለ ነገር በድንጋይም፣ በሽቦም፣ በሟቹ ልብስም ይያዛል። መለኪያው በግራ ወገቡ ላይ ካለው የብረት ቀለበት ጋር ተጣብቆ ይቀመጣል። ባትሪዎቹን ከቢስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቆረጥን በሠራናቸው ቀለበቶች ትከሻው ላይ እናጣብቃቸዋለን። መንጠቆ የሆነውን ሁሉ ከዕቃው ጋር የሚያስረው በብረት ሳይሆን በሲባጎ ነው። ሲባጎ በቢላ ይቆረጣል። ሌላው ሁሉ ቢከዳው ቢላው እንዳይከዳው ነበር የሚፈልገው፤ ቦታውም ቀኝ ደረቱ ላይ ነበር።

እሑድ ከምሳ በኋላ ማንገቻውን በፒጃማው ላይ ለብሶ ሳሎን መሐል ይቆምና ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ እጠራለሁ፤ እሱ እየዳሰሰ ያገኛል። ባትሪ። መለኪያ። ገመድ። አንድ ቀን የላይኛዋ ጎረቤታችን ስኳር ልትበደር ገብታ እንዲህ ሆኖ አገኘችው። እኛ ያለነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ለቡ መብራት ኃይል፣ መንገዱ ዳር። በሩ ላይ ቆማ አየችውና፣ «ልትዘል ነው እንዴ? ደረጃው እኮ አለ» አለችው። ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «ቲቸር ናት የምታዘልለኝ» አላት። ቲቸር የሚለኝ ሲያሾፍብኝ ነው።

አስተማሪ ነኝ። ሃያ ስምንት ዓመት ነፋስ ስልክ ውስጥ አንደኛ ክፍል አስተምሬያለሁ። ስለ ሥራዬ ብዙ መጻፍ አልፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ ግን መጻፍ አለብኝ። ሕፃናትን ቀኝና ግራ ስናስተምር ፊት ለፊታቸው ቆመን ነው። «ቀኝ እጃችሁን አንሡ» ስላቸው እኔ የማነሣው ግራዬን ነው፤ ምክንያቱም እነሱ የሚያዩትን ነው የሚከተሉት። የእኔ ግራ የእነሱ ቀኝ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ላይ እያሰብኩ ነበር የማደርገው። በኋላ ማሰብ ቀረ። ከፊቴ ያለ ነገር ሁሉ ፊቱን ወደ እኔ ያዞረ ይመስለኝ ጀመር።

ባለፈው ዓመት፣ ከመሞቱ ሁለት ቀን በፊት፣ ቅዳሜ ነበር። አሮጌው ቀበቶ ተበልቶ ስለነበር አዲስ አስገባ። የቢላው አፎት ግን በአዲሱ ቀበቶ ላይ መሰፋት ነበረበት። እንዲህ ያለውን የምሰፋለት እኔ ነኝ፤ በጆንያ መርፌና ጫማ ሰፊዎች በሚሰፉበት ክር። ማንገቻውን ጠረጴዛው ላይ አጋድሞ፣ «ቢላው ቀኝ ላይ፣ ከትከሻው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ» አለኝና ጸጉሩን ሊስተካከል ወጣ።

ማንገቻው ሳህኑ ወደ ላይ፣ ደረቱ ወደ ታች ሆኖ ነበር የተጋደመው፤ ሰው በሆዱ ሲተኛ እንደሚሆነው። ጀርባውን ነው የሰጠኝ። ስለዚህ የእሱ ቀኝ የእኔም ቀኝ ነበር። እኔ ግን ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼ ፊት እንደምቆመው ሆኜ ቆምኩና በግራዬ በኩል ያለውን ቀበቶ ሳብኩ። አዲስ ቀበቶ ነው፤ የአሮጌ ስፌት ቀዳዳ የለበትም፤ የሚናገር ነገር የለውም። ጥሩ አድርጌ ሰፋሁት። አራቱን ጎን ሁለት ሁለት ጊዜ መለስኩበት። ሲመጣ አፎቱን በጣቱ ሳብ ሳብ አደረገና፣ «ይኼ እኔን ያወጣኛል» ብሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተው። አልለበሰውም። እሑድ ለቅሶ ነበረብን፤ የሳሎኑ ጨዋታ ቀረ።

ሰኞ ጠዋት ተጠሩ። ወደ ደቡብ ካሉት ሐይቆች በአንዱ አንድ ዓሣ አጥማጅ ሳይመለስ ቀርቷል። መምህራን ማረፊያ ክፍል ደብተር እያረምኩ ሳለ ደወለልኝ። መኪናው እየሄደ ነበር፤ የመስኮቱ ነፋስ ይሰማል።

«ቲቸር፣ ግራ ላይ ሰፋሽው እኮ።»

«የቱን?»

«ቢላውን። አሁን ሳየው ነው። ግራ ገባሽ እንዴ?»

አጠገቡ የነበረው ባልደረባው ሲስቅ ሰማሁት። እኔም ሳቅኩ። አሁን ላይ ሆኜ ብዙ መልስ አለኝ። ፍታውና ቀኝ ላይ በሲባጎ እሰረው፣ ዛሬ ሳትጠልቅ ተመለስ። ያን ጊዜ ግን ያልኩት ይህን ነው፦

«ተወው፣ ትለምደዋለህ። ስትመለስ ፈትቼ አዞርልሃለሁ።»

«እሺ ቲቸር። ከአሥር ዜሮ ሰጥቼሻለሁ» ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ ማለዳ ደጃፌ ላይ የዕድሩን ዳኛና የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር ጎን ለጎን ቆመው አየኋቸው። እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚያ ሰዓት አብረው የሚመጡበት ሌላ ጉዳይ የላቸውም። አንዳቸውም አፋቸውን ሳይከፍቱ ገብቶኝ ነበር።

ከሐይቁ ሥር የተተወ አሮጌ መረብ ያዘው አሉ። አየሩም አለቀ። ያወጣው ባልደረባው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጦ ነበር፤ አንድ ጊዜም ዓይኑን ወደ እኔ አላነሣም። የስልኩን ንግግር የሰማ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሰው ሁሉ እየመጣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ይለኛል። አሜን እላለሁ። በልቤ ግን መርፌውን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እግዚአብሔር መርፌ አልያዘም እላለሁ። በአርባውም፣ በሰማንያውም፣ በሙት ዓመቱም አንድ ጥያቄ ይዤ ተቀመጥኩ፤ አልጠየቅኩም። መረቡ ሲይዘው እጁ የት ሄደ? ወደ ግራ ሄዶ ከሆነ የእኔ ስፌት ከሞቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ቢላውን አግኝቶ መረቡ በረታበት ማለት ነው። ወደ ቀኝ ሄዶ ከሆነ ግን ባዶ ደረቱን ሲዳስስ ነው የሞተው። ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም። ማስተማሩንም ትቻለሁ፤ ቀኝ እጃችሁን አንሡ ማለት አቃተኝ።

ባልደረባው ባለፈው ወር መጣ፤ ቅዳሜ፣ ከምሳ በኋላ። ከታክሲው ወርዶ የተቆፈረውን መንገድ ሲሻገር በመስኮት አየሁት፤ ጫማው ጭቃ ነበር፤ ትከሻው ላይ የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሟል። ሲቀመጥ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የተቀመጠው። ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ፤ ስለ ጉልበቴ ጠየቀኝ፤ ጎረቤቷ እንዴት ናት አለኝ። ከዚያ ቀስ እያለ ተናገረ። ማንገቻው ለምርመራ ተብሎ ንብረት ክፍል ተቆልፎበት ከርሟል፤ አሁን ተለቋል። የእሱ የራሱ ሳህን ተሰንጥቋል። አዲስ ከውጭ ይገዛ ተብሎ ተጽፏል፤ መልስ የለም። ክረምቱ ደርሷል፤ መጠራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ይህንኑ ሊለብስ ነው። የቢላው አፎት ግን...

ጫማ ሰፊ ሞልቷል፣ ለምን ወደ እኔ አመጣኸው አልኩት።

«ሌላ ሰው ከሚነካው ብዬ ነው፣ ቲቸር» አለ።

ጆንያውን ፈታሁት። ቀበቶው ላይ የሐይቁ ጭቃ ደርቆ ነጭ ሆኗል። የቢስክሌቱ ላስቲኮች ተሰነጣጥቀዋል። ባትሪዎቹ በቦታቸው ናቸው፤ መለኪያው በቦታው ነው፤ ሲባጎዎቹ ባለቤቴ እንዳሰራቸው ናቸው። አፎቱ ግራ ላይ ነው። አንድም ክር አልተበጠሰም። ቢላው ውስጡ ነበር።

«አንተ ነህ የመለስከው?» አልኩት ቢላውን እያሳየሁት።

«ማንም አልነካውም።»

ከዚህ በኋላ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። አንዳንዴ ሰው መልሱን ካወቀ በኋላም ይጠይቃል።

«ስታገኘው ቀኝ እጁ የት ነበር?»

ተነሣ፤ ፊት ለፊቴ ቆሞ መሬት መሬት እያየ መዳፉን ደረቱ ላይ አደረገ። መዳፉ በእኔ በኩል ሲታይ ግራ ነው። አንዲት አፍታ ግራ ነው ብዬ ባምን፣ ያችን ታህል እንኳ ባርፍ ምን ነበረበት። ግን ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ የቆመ ሰው ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ያየሁት እንዲህ የቆመ ነው። ቀኙ ነው። ልሳሳት በወደድኩበት ቦታ አልተሳሳትኩም።

«ጣቶቹ ቀበቶውን እንደያዙ ነበር» አለ በኋላ። «ግን ቲቸር፣ ይስሙኝ። መረቡ የተጠመጠመው ከጀርባው፣ ሲሊንደሩ ላይ ነው። ቢላው በእጁ ቢሆንም አይደርስበትም ነበር። ጋሼ ራሱ ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚልዎት።»

እውነት ሊሆን ይችላል። እሱ ደግ ሰው ነው፤ እውነት ባይሆንም ይህንኑ ይለኝ ነበር። ለዚህ ነው ንግግሩ የማይጠቅመኝ። አንተ ብትሆን የት ትዳስስ ነበር ልለው ፈለግኩና ተውኩት።

ማንገቻውን መታጠቢያ ቤት ወስጄ አጠብኩት። ውኃ ያለው በባልዲ ነበር፤ ሁለት ባልዲ ጨረስኩ። ጭቃው በቀላሉ ለቀቀ። በጨርቅ ጠርጌ አመጣሁና ስፌቴን በምላጭ ፈታሁ። ሁለት ሁለት ጊዜ የመለስኩበት ስለሆነ ብዙ አስቸገረኝ። ያን ያህል ባላጠበቅኩት ኖሮ ባለቤቴ መኪናው ውስጥ በጥርሱ እንኳ ይፈታው ነበር ብዬ አሰብኩ። ቀዳዳዎቹ ቀበቶው ላይ ቀሩ፤ እነሱ አይጠፉም።

ከእንግዲህ ጠረጴዛ ላይ አጋድሜ አልሰፋም። «ልበሰው» አልኩት። ለበሰው፤ በሸሚዙ ላይ። ለእሱ ሰፋ ብሎት ስለነበር የወገቡን ሳበው። ፊቴን አዙሬ ከጎኑ ቆምኩ፤ እሱ ወደሚያይበት እያየሁ፣ ቀኜን በቀኙ በኩል አድርጌ። ከአስተማሪነቴ የቀረችኝን ጠመኔ ከመሳቢያ አወጣሁና፣ «ቀኝ እጅህን አንሣ» አልኩት። አነሣ። ጠመኔውን ጣቶቹ መሐል አደረግኩለት፤ ከትከሻው አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ራሱ ምልክት አደረገ። ከዚያ አውልቆ ሰጠኝና ሰፋሁት። እስክጨርስ ድረስ ክሩን ያቀብለኝ ነበር።

እንደገና አለበስኩት። እንዲሄድ መተው ነበረብኝ፤ አልተውኩትም። ሳሎኑ መሐል፣ ባለቤቴ ይቆምበት ከነበረው ቦታ አቆምኩትና ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ።

«ዓይንህን ጨፍን» አልኩት።

ጨፈነ።

ባትሪ አልኩ፤ አገኘው። መለኪያ አልኩ፤ አገኘው። ገመድ አልኩ፤ አገኘው። ከዚያ በእጄ የቀረውን መርፌ ሶፋው ክንድ ላይ ሰካሁት። እሱም ዓይኑን አልገለጠም፤ እጁን ወደ ታች ጥሎ ጠበቀኝ።

«ቢላ።»

እጁ ወጣና አፎቱ ላይ አረፈ። አልዳሰሰም፤ አላመነታም። እኔ ቃሉን ጨርሼ አፌን ሳልገጥም ቢላው እጁ ውስጥ ነበር። ይህን ያህል ነው የሚፈጀው። ከዚህ አይበልጥም።

«ድገመው» አልኩት።

ቢላውን መለሰና እጁን ወደ ታች ጣለ። ደገመው።

«ድገመው» አልኩት።