የማሽላን ዘመድ ስትፈልግ የከረመችው ራዊያ

በ2008 ዓ.ም. ክረምት ከራያዋ ሮቢት የመጣችው ራዊያ አሊ ለእረፍት እቤቷ አልገባችም። የዩኒቨርሲቲ መምህሯ ኤፍሬም ከባዮሎጂ ተማሪዎች መካከል ለምርምር መርጧት ነበርና ጓደኞቿን አውቶቡስ አሳፍራ ወደ ኮምፒውተሩ ክፍል ተመለሰች።

ሥራው ከራያ ሜዳ የተሰበሰቡ ማሽላዎችን ዘረመል በኮምፒውተር እያስተያዩ ዝምድናቸውን መፈለግ ነበር። ራዊያ ከማሽላው ወፍ ስታባርር ያደገች ናት፤ እዚህ ግን ማሽላው ማያውን ከዳር እስከ ዳር የሞሉ አራት የዘረመል ፊደላት ብቻ ሆነባት። ዓይኗ ደም እስኪመስል አፈጠጠችበት። አንድ ማለዳ፣ በአንድ ስም የሚጠሩት የሮቢትና የጎረቤቷ የጎብዬ ማሽላዎች እርስ በርስ ባዕድ ሆነው፣ የሮቢቱ ራቅ ካለችው ከዋጃ ማሽላ ጋር ተጠጋግቶ ወጣ። የተሳሳተች መስሏት ደገመችው። ያው ነው።

ኤፍሬም ከኋላዋ ቆሞ አየና፣ "ይሄንን እንዳትለቂው፤ ለሁለተኛ ዲግሪሽ ይሆናል" አላት።

እየሮጠች ወጥታ ለአባቷ ደወለች።

"አባዬ፣ የኛ ማሽላ ዘመዶቹ ዋጃ ናቸው!"

"እናቴ ከዋጃ ስትዳር ቋጥራ ያመጣችው ዘር አይደል እንዴ!" ብሎ አሊ ከት ብሎ ሳቀ። "ኮምፒውተሩም አወቃት በይኛ!"

ራዊያ በተመረቀች በወሩ አሊ በድንገት ሞተ። እናቷ ኡሙሃኒ ዓይኗ እየደከመ ነበር፤ ሌላ ልጅም የላትም። ራዊያ ጎብዬ የባዮሎጂ አስተማሪ ሆና ተቀጠረች።

"ሂጂና ተማሪ እንጂ ልጄ፤ እኔን አላህ ያውቅልኛል" ትላታለች እናቷ።

"ኢንሻአላህ፣ ዓይንሽ ይሻልሽና እሄዳለሁ።"

ዓይኗ ግን አልተሻላትም። ተማሪዎቿን ስለ ዘረመል ስታስተምር ድምጿ ሳታውቀው ይሞቃል፤ ደወሉ ሲደወል ጠመኔውን እንደያዘች ትቀራለች።

በ2011 ዓ.ም. ኤፍሬም "ያንን ሥራሽን ሌላ ተማሪ ጨረሰው፤ ያንቺም ስም አለበት" ብሎ በቴሌግራም አንድ ሥዕል ላከላት። ኔትወርኩ ሲያንገራግር ቆይቶ ተከፈተ፤ የማሽላዎቹ የዝምድና ዛፍ ነበር። እሷ ያልደረሰችባቸውን ቅርንጫፎች በጣቷ እያሰፋች አንድ በአንድ አየቻቸው።

"ምን ሆንሽ?" አለች ኡሙሃኒ።

"የድሮ ሥራዬን አይቼ ነው እማ። ናፈቀኝ።"

እናቷ በዳበሳ እጇን ፈልጋ ያዘቻት። ራዊያ ለመጪው ክረምት የሁለተኛ ዲግሪ ቦታ ይኖር እንደሆነ ልትጠይቅ የኤፍሬምን ቁጥር አወጣች። ጥቂት አየችው። ከዚያ ስልኩን አስቀምጣ የእናቷን የዓይን ጠብታ አነሳች።