የኦቦ ኮች «አዎ»

አሠልጣኛችን ብራዚላዊ ነበሩ። በወጣትነታቸው የቀኝ ክንፍ ተጫዋች፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው ደግሞ አሠልጣኝ ሆነው አገር ላገር ሲዞሩ ኖረው፣ አንድ ባለሀብት ሰበታ ውስጥ ወዳቋቋመው ትንሽ ክለብ መጡ። እኔ ሾፌራቸውም አስተርጓሚያቸውም ነበርኩ። ተጫዋቾቹ «ኦቦ ኮች» ይሏቸዋል።

ከእኛ መጀመሪያ የለመዱት ቃል እንኳ አይደለም፤ አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልበት ነገር ነው። መጀመሪያ ሲሰሙት ተከላካያችን የታመመ መስሏቸው ልምምድ አስቁመው ነበር። ከገባቸው በኋላ ግን አበዙት፤ ለምሳውም፣ ለዳኛውም፣ ለዝናቡም ሳብ ነው። እኛም በሳቅ እንፈርሳለን።

አንድ ቀን ከሰዓት ሱሉልታ ልምምድ አድርገን፣ እኔና እሳቸው ብቻ በመኪና ስንመለስ ቡራዩ ላይ መንገዱ ተዘጋ። እኔ ፊቴ የሚገቡትን ባጃጆች እየረገምኩ፣ በምንግባባባት እንግሊዝኛ «ደህና ነዎት?» አልኳቸው። ሳብ አደረጉ። «ደከመዎት እንዴ?» ሳብ። «ተፍኪ ወስጄ ጥሬ ሥጋ ልጋብዝዎት?» አሁንም ሳብ። ሰውዬው እኮ ሥጋ አይበሉም! ዞር ስል ከንፈራቸው አመድ መስሏል፤ ደረታቸውን ጨብጠዋል። «አዎ» እያሉኝ አልነበረም።

እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መሪው በላቤ አሟለጨኝ። ጥሩንባውን ሳልለቅ አንገቴን በመስኮት አውጥቼ «ዱኩብሳታን ቀባ! በሽተኛ ይዣለሁ!» እያልኩ ጮህኩ። እነዚያ የረገምኳቸው ባጃጆች ግራና ቀኝ ተጠግተው መንገድ ከፈቱልኝ። አምላኬን እየለመንኩ ክሊኒክ ደረስኩ።

ሐኪሙ ልባቸው ነው አለ። ለዛሬው ተርፈዋል፤ ከእንግዲህ ግን ሜዳ ዳር ቆመው ቢጮሁ ይሞታሉ። ተርጉሜ ነገርኳቸው። እጄን አጥብቀው ያዙና «ለክለቡ ባለቤት እንዳትነግረው። ቡድኑን ይቀማኛል። ሌላ ምንም የለኝም» አሉኝ። ለወራት ሲያማቸው እየደበቁን እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ኮሪደሩ ላይ ስልኬን ይዤ ቆምኩ። ብናገርም ይሞቱብኛል፣ ዝም ብልም ይሞቱብኛል። ለባለቤቱ ደወልኩ።

ቡድኑ በዚያው ሳምንት ለሌላ ሰው ተሰጠ። እሳቸው አገራቸው ገቡ፤ ደህና ናቸው ሲሉ እሰማለሁ። የእኔን ስልክ ግን አያነሱም።