ሞፈር ያልገባበት ማሳዬ

ሰው ከአገሩ የሚወጣው በሌሊት ተደብቆ ነው ይባላል። እኔ የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ኮሶዬ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ቆሜ ከደባርቅ የሚመጣውን ሚኒባስ ስጠብቅ ግማሹ ጎረቤት ሊሸኘኝ ወጥቶ ነበር። እናቴ ታለቅሳለች። ታላቅ ወንድሜ አያ ሞላ ሻንጣዬን ይዞልኛል። "አታስቢ፣ መሬትሽን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምጠብቀው" ሲለኝ ሁሉም ሰማ። እኔም ሰማሁ፣ አመንኩ፣ አንገቱን አቅፌ አለቀስኩ። ያን ቀን ማቀፌን ባስታወስኩ ቁጥር ደሜ ስለሚፈላ ንግግሬ ቢሻክር ይቅር በሉኝ። አገር ቤት ያላችሁም፣ እንደኔ በሰው አገር የምትንከራተቱም፣ ጉዴን ስሙልኝ።

ከባሌ ጋር ስንፋታ ግማሹ መሬት ደረሰኝ። የራሴ ፎቶ የተለጠፈበት የመሬት ደብተርም ተሰጠኝ። ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነበርኩ። በኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። በሬ ቢኖራትም፣ ጉልበት ቢኖራትም፣ ማረስ ነውር ነው። ስለዚህ መሬቷን ለወንድ የእኩል ትሰጣለች፤ እሱ ያርሳል፣ ምርቱን ለሁለት ይካፈላሉ። የኔ አራሽ አያ ሞላ ነበር። አያ ሞላ መጀመሪያ የራሱን ያርሳል፣ ከዚያ የሚስቱን ወንድም ያግዛል፣ ከዚያ በዓል ይገባል፣ ከዚያ በሬው ይደክመዋል። የኔ መሬት ተራ የሚደርሰው ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ነው። ዘግይቶ የተዘራ ገብስ ምን እንደሚመስል ገበሬ የሆነ ሰው ያውቀዋል። ያችኑ ቀጫጫ ገብስ ለሁለት ስንከፍላት ለእኔና ለእናቴ የምትተርፈው እስከ ፋሲካ እንኳ አታደርሰንም ነበር።

ጓሮ ግን የሴት ነው። ሴት ጓሮዋን ብትቆፍር ማንም ምንም አይላትም። ከቤቴ ጀርባ ነጭ ሽንኩርት የምተክልባት ትንሽ መደብ ነበረችኝ። አንድ ክረምት ያቺን መደብ በዶማ ትንሽ ገፋ አደረግኋት። ፍግ ተሸክሜ አለበስኳት፣ አመድ ነሰነስኩባት፣ ፍንካቹን አንድ በአንድ እየደረደርኩ ተከልኩ። ያቺ መደብ የሰጠችኝ ከአያ ሞላ ገብስ ሁሉ በለጠ። በዓመቱ ደግሞ ገፋኋት።

"ዝናሽ፣ ምነው? አገሩን በዶማ ልትጨርሽው ነው?" ይሉኛል ጎረቤቶቼ።

"ኧረ ጓሮ ነው" እላቸዋለሁ።

"ጓሮሽ መቼም ሰፋ!"

"ተመስገን ነው፣ ሰፋ።"

በአራተኛው ዓመት ጓሮዬ ወንዙ ድረስ ደረሰ። ሞፈር የሚባል ነገር ሳይገባበት መሬቴ በሙሉ ነጭ ሽንኩርት ሆነ። አራሽ የለም፣ እኩል የለም፣ ከዳር እስከ ዳር የኔ ነው።

መሸጡንም አውቄበት ነበር። ደላላ አላስጠጋም። ሽንኩርቱን ከነአገዳው እንደ ሹሩባ እጎነጉነውና ወደ ጎንደር ለሚወርደው መንገደኛ በመኪናው መስኮት አሳየዋለሁ። እንደዚያ የተጎነጎነ ሲያይ የማይገዛ የለም። ጎንደር ያሉ ምግብ ቤቶችም በስልክ ያዝዙኝ ጀመር። የእናቴን ቤት ቆርቆሮ አለበስኩት። ከሰው እጅ ጠብቄ አላውቅም፤ እንዲያውም ለአያ ሞላ ልጆች የትምህርት ቤት ልብስ የማለብሰው እኔ ነበርኩ።

የቀረኝ ውሃ ብቻ ነው። ወንዙ ከማሳዬ ሥር እየፈሰሰ መሬቴ በጋውን ባዶውን ይውላል። አንድ የውሃ ሞተር ቢኖረኝ በዓመት ሁለቴ እተክል ነበር። ሞተር ለገበሬ በብድር ይሰጣል ሲባል ግብርና ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ ወንበርም ሰጠኝ።

"መሬቱን የሚያርሰው ማነው?" አለኝ።

"የምሠራው እኔ ነኝ።"

"እሱን አይደለም፤ የሚያርሰው ማነው?"

"አይታረስም። በዶማ ነው።"

ብዕሩን አስቀመጠ። "ጓሮ ነዋ እንግዲህ! ለጓሮ ሞተር አይሰጥም። ከፈለግሽ በወንድምሽ ስም ተመዝገቢ።"

እዩልኝ! ስንት ዓመት ሙሉ ለጎረቤት ጓሮ ነው፣ ጓሮ ነው ስል ኖሬ የራሴው ብልጠት እኔኑ ጠለፈኝ። በወንድሜ ስም አልመዘገብም አልኩ። ዓረብ አገር ሁለት ዓመት እሠራለሁ፣ ሞተሬን በራሴ ስም ገዝቼ እመለሳለሁ አልኩ። እኔን ረሃብ አላሰደደኝም። ሰው ሲጠይቀኝ ሞተር ልገዛ ነው የመጣሁት ስል የቀለድኩ ይመስላቸዋል።

አሁን ስህተቴን ልንገራችሁ። ከመሄዴ በፊት አያ ሞላን በሽማግሌ ፊት አስቀመጥኩት። እስክመለስ ድረስ መሬቱን የእኩል ይይዛል፣ ነጭ ሽንኩርት ይተክላል፣ ሞፈር አያስገባበትም። እናቴም እሱ ቤት ትገባለች። ሁሉንም እሺ አለ። የነፍስ አባታችን መሀል ገብተው "ልጆቼ፣ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡት" አሉ። ሁላችንም አፈርን። የአንድ እናት ልጆች ወረቀት ይጻጻፋሉ? አያ ሞላ አንገቱን ደፋ። እናቴ "ለኔ ብለሽ ተይው" በሚል ዓይን አየችኝ። "ኧረ አባ፣ ከወንድሜ ጋርማ ወረቀት አያስፈልገንም" ብዬ የመለስኩት እኔው ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ይሉኝታ ነው አፌን የከፈተው፤ ይሉኝታዬን ዛሬ ባገኘው በዶማ ነበር የምለው።

ለጉዞ ወረቀቴ ጉዳይ ጎንደር ወርጄ ቁስቋም፣ የእናቴ ታናሽ እህት እትዬ የሻረግ ቤት ሰነበትኩ። እትዬ የሻረግ ባሏ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሞቱ ወዲህ ብቻዋን ናት፤ የማንንም ፊት አትፈራም። ፓስፖርት ላወጣ ስሰለፍም አብራኝ ነበረች።

"ሥራ?" አለኝ መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ።

"ገበሬ።"

ቀና ብሎ አየኝ። "የቤት እመቤት ልበልሽ።"

"ባል የለኝም እኮ። የማን ቤት እመቤት ነኝ?"

"ታዲያ ሥራ የላትም ልበል?"

"ትናንት ወጥህ ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ካለ የኔ ሊሆን ይችላል" አልኩት።

የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም፤ የቤት እመቤት ብሎ ጻፈ። እትዬ የሻረግ ከኋላዬ "በርቺ፣ መንግሥት ዳረሽ" አለችኝ።

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ። አራተኛ ፎቅ ላይ አስገቡኝ። አሠሪዬ መዳም ክፉ አይደለችም፤ ግን ፓስፖርቴን እንደተቀበለችኝ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ቆለፈችበት። ምነው ስላት "እንዳይጠፋብሽ" አለችኝ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ቆሜ ጉም እፈልግ ነበር። ኮሶዬ ማለት ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነስቶ በሩ ድረስ ሲመጣ ጋቢ ተከናንቦ ማየት ነው። እዚህ ሰማዩ ዓመት ሙሉ እንደታጠበ ሳህን ባዶ ነው። ኹብዝ የሚሉት ቂጣቸው አፍ ውስጥ ጠፍቶ ይቀራል፤ የገብስ ዳቦ የለመደ ሆድ ይታዘበዋል። ነጭ ሽንኩርትን ቱም ይሉታል። ከሱቅ የመጣውን የመጀመሪያውን ቱም ስልጥ ትልቅነቱን አይቼ ደነገጥኩ፣ ስቀምሰው ግን ውሃ ነው። የኔው ቢሆን የአራተኛ ፎቁን ሰው ሁሉ ያስለቅስ ነበር።

በስድስተኛው ወር የመዳም አባት ሐጂ ታመሙ ተባለና ከከተማው ራቅ ወዳለ ኮረብታ ወሰዱኝ። መዝረዓ አላቸው፤ ትንሽ እርሻ ማለት ነው። ገና ስደርስ የመዳም ባል መቆፈሪያ ሰጠኝ።

"ውሌ የቤት ሥራ ነው የሚለው" አልኩት በተሰባበረ ዓረብኛ።

"መዝረዓው ውስጥም እኮ ቤት አለ" አለኝ።

የተከሉት ነገር ሲታይ ደግሞ ቱም ነው። ፍንካቹን ጫፉን ወደ ታች ዘቅዝቀው ተክለውታል። ቆሜ ማየት አልቻልኩም፤ ነቅዬ አስተካከልኩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ እርሻው የኔ ሥራ ሆነ፣ ደመወዜ ግን ያው የቤት ሠራተኛ። መደብ አወጣሁላቸው፣ የበግ ፍግ አለበስኩላቸው፣ ሲደርስ እንደ አገሬ ጎነጎንኩላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ ሊገዛ መጣ። ሐጂ አልጋቸው ላይ ሆነው "ይቺ ልጅ በረከት ናት" ይላሉ፤ በረከቱን የሚሰበስቡት ግን እነሱ ናቸው።

የሚያናድደኝ ምን መሰላችሁ? መሬታቸው የኔን ግማሽ አያክልም፤ ድንጋይ ነው። ስለ ነጭ ሽንኩርት አንዳች አያውቁም። ያላቸው ሞተር ነው፣ ከሥሩ ጠብ ጠብ የሚል ቀጭን የውሃ ቱቦ ነው፣ በራቸው ድረስ የሚመጣ መኪና ነው። ማን አረሰው፣ ማን ቆፈረው ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። እኔ ያንን ሞተር ሳስነሳ ስንት ጊዜ እንባዬ እንደመጣ አትጠይቁኝ። እዚያ ከወንዙ ዳር ባስነሳው ኖሮ ምን እዚህ ያደርሰኝ ነበር?

በሁለተኛው ዓመት እትዬ የሻረግ እናቴን ልትጠይቅ ኮሶዬ ወጥታ ኖሮ ደወለችልኝ። "ዝናሽ፣ ማሳሽ ገብስ ነው" አለችኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ሞፈር ገብቶበታል ማለቷ ነው። መደቦቼ ፈርሰዋል ማለቷ ነው። ለዘር ያስቀመጥኩት ነጭ ሽንኩርት ተሽጧል ማለቷ ነው። አያ ሞላ ጋር ደወልኩ።

"አያ ሞላ፣ ምነው? ምን አድርጌህ ነው?"

"ሰው ሳቀብኝ" አለኝ። "ዝናሽ፣ ወንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ጓሮ ሲቆፍር ይዋል? ሚስቴ እንኳ ታፍርብኛለች።"

ገባችሁ? እኔን ሞፈር ያስከለከለኝ ነውር እሱን ደግሞ ዶማ አስጣለው። በሁለቱ ነውር መሀል የተጨፈለቀው የኔ መሬት ነው።

ይባስ ብሎ መሬት ልኬታ መጣ። ለካርታ እየለኩ ሲመዘግቡ የወንዙን ዳር ማሳ በአያ ሞላ ስም ጻፉት። እሱም ዝም አለ። ቀበሌ ደወልኩ።

"የወንዙ ዳር መሬት ባለቤት ዝናሽ ነኝ" አልኩት መዝጋቢውን።

"የት ነሽ?"

"ዮርዳኖስ አገር።"

"እንግዲያ የለሽም።"

"እያናገርኩህ? አለሁ እንጂ!"

"መሬቱ ላይ የለሽም ነው ያልኩሽ። ስንለካ ያገኘነው ወንድምሽን ነው። የሰጠሽው በውል ከሆነ ውሉን አምጪ።"

"በሽማግሌ ፊት ነው የሰጠሁት።"

"ሽማግሌ ፋይል ውስጥ አይገባም፣ እህቴ።"

"ደብተር አለኝ! ፎቶዬ አለበት!"

"ደግ፣ ደብተሩን ሰው ይዞ ይምጣ። ተቃውሞ የምንቀበለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከዚያ በኋላ ካርታው በሱ ስም ይወጣል፤ ያኔ እኔን አትወቅሺኝ።"

ደብተሩ ያለው እናቴ ሣጥን ውስጥ ነው። የእናቴ ሣጥን ያለው አያ ሞላ ቤት ነው። እኔ ልሂድ ብል ፓስፖርቴ መዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ "ሐጂ እስኪሻላቸው" ትለኛለች፣ ሐጂ ደግሞ አይሻላቸውም። ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው እትዬ የሻረግ "ነገ በመጀመሪያው መኪና ወጥቼ አመጣዋለሁ፤ ብቻ እናትሽን አሳምኛት" አለችኝ። ያን ዕለት ከሰዓት ደወልኩ።

"እማዬ፣ ደብተሩ አለ?"

"አለ፣ ልጄ። ከሣጥኑ ሥር፣ ከቀሚሴ በታች ነው። አይጥ እንኳ አልነካውም።"

"ነገ እትዬ የሻረግ ትመጣለች። ስጫት።"

ዶሮዎቿ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ነፋሱም ይሰማኛል፣ የኮሶዬ ነፋስ።

"እማዬ?"

"ሞላስ ምን ይለኛል?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ያለውን ይበል! መሬቱ የኔ ነው። ያንቺን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰው እኮ እሱ መሬት ነው።"

"መች ጠፋኝ። ያንቺ እንደሆነማ አገር ያውቃል።" ትንፋሿ ከበደ። "ግን ዝናሽ፣ የምኖረው እሱ ቤት ነው። ብታመም የሚያስታምመኝ እሱ፣ ብሞት የሚቀብረኝ እሱ ነው። አንቺ እስክትሰሚ ሣልስቴ ያልፋል።"

እውነቷን ነው። እውነቷን መሆኑ ደግሞ የባሰ አናደደኝ፤ እናቴ ላይ ጮኼ የማላውቀው ሴትዮ ጮህኩ።

"ትሰጫታለሽ ወይስ አትሰጫትም? እሱን ንገሪኝ!"

"ይኸው፣ ሞላም ከደጅ ገባ። አናግሪው" አለችና ስልኩን ሰጠችው።

"ዝናሽ!" አለኝ አያ ሞላ፤ እያለከለከ የመጣ ይመስላል፣ ደስ ብሎታል። "ደኅና ነሽ ወይ? ምነው ጠፋሽ? ዘንድሮ ገብሱ ምን የመሰለ ሸጋ ሆኗል መሰለሽ! ብታዪው!"

"የማን ገብስ?" አልኩት።

"የኛ ነዋ" አለኝ። ድምፁ ውስጥ ክፋት ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከልቡ ነው ያለው።