ክሊፍ ኦርመሮድ ያልቀለደበት ዘፈን

ክሊፍ ኦርመሮድ መድረክ ላይ ሲወጣ፣ ገና አፉን ሳይከፍት ሰው ይስቃል። ፊቱ ነው የሚያስቀው፤ አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ፊት ነው ያለው። በእንግሊዝ አገር፣ በላንካሻየር የሠራተኛ ክበቦች እየዞረ ይቀልዳል፣ ራሱ የደረሰውን ይዘፍናል፤ ፒያኖ የምመታለት እኔ ነበርኩ። ዘዴው አንድ ነው። ሆድ የሚያባባ ዘፈን ይጀምርና፣ ሰው ጸጥ ሲልለት የአማቱን ሰው ሠራሽ ጥርስ ቀልድ ያመጣበታል። ዕድሜ ልኩን እንጀራው ይኸው ነበር። ቴሌቪዥን አልጠራውም፣ ለንደንም ስሙን አልሰማችም።

ሚስቱ ኔሊ ከልጅነቷ ጀምሮ ጥጥ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። የማሽኑ ጩኸት ጆሮዋን ወሰደው፣ ብናኙ ሳንባዋን። እንደ ፋብሪካው ሴቶች ሁሉ የምትሰማው በዓይኗ ነው፤ ከንፈርህን ካየች አንዲት ቃል አታመልጣትም። ክሊፍ አዲስ ቀልድ ሲያወጣ ምድጃው አጠገብ ፊቷ ቆሞ ይሞክርባታል። ካልሳቀች ይጥለዋል።

ሐኪሙ ክረምቱን አትወጣውም ባለ ሰሞን ክሊፍ ቤቴ መጣ።

«ማርጆሪ፣ አንድ ዘፈን አለኝ። ቀልድ የለበትም።»

«አመመህ እንዴ?»

«ተይ፣ አትቀልጂብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀንም ኔሊን እወድሻለሁ ብያት አላውቅም። ልል ስል ቀልዱ ይቀድመኛል። ሳትሄድብኝ ልንገራት።»

እሁድ ቀትር ላይ ኔሊን በተሽከርካሪ ወንበር ወስደን ክበቡ ውስጥ ከፊት አስቀመጥናት። ክሊፍ ጀመረ። አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ቀጥሎ ሰው በክርን መጎሻሸም ያዘ። አንዱ ከኋላ «አማትየዋ መጣች!» ብሎ ጮኸ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ክሊፍ አላቋረጠም፤ ባላቋረጠ ቁጥር ባሰባቸው። ይሄኔ የዝግጅት ኃላፊው ስታንሊ በርትዊስል ድምፅ ማጉያውን ነጠቀው።

«ክቡራትና ክቡራን፣ የሥጋ ፓዩ ደርሷል! ሳይቀዘቅዝባችሁ!»

እኛ ዘንድ ፓይ፣ ያ በሊጥ ተሸፍኖ የሚጋገረው ሥጋ፣ ከደረሰ ዘፋኙ መድረክ ላይ ቢሞትም የሚቆምለት የለም። ሁሉም ተነሥቶ ተሰለፈ። ሰልፉ ኔሊንና ክሊፍን ለያያቸው፤ ከንፈሩን ማየት አልቻለችም።

«ተዋቸው እነዚህን ሆዳሞች» አልኩት። «ቤት እንዘፍንላታለን።»

እነሱ ቤት ገብተን ፒያኖው ፊት ተቀመጥኩ። ክሊፍ እሷ ፊት ቆሞ ጀመረ፤ እሷም ፈገግ ብላ ከንፈሩን ትጠብቃለች። ስሟ ያለበት ቦታ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ። ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፣ እንድታየውም አልፈለገም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና የቀረውን እዚያው እንደዞረ ዘፈነው። እኔ ዓይኔ ጣቶቼ ላይ ነበር። ምን እንደተፈጠረ የገባኝ ሳቋን ስሰማ ነው። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አይታ፣ በራሱ ቀልድ የሚስቅ መስሏታል።

«አንተ ጅል! ብቻህን ትስቃለህ? ዙርና ለእኔም ንገረኝ እንጂ!»

ልነግራት ብድግ አልኩ። ክሊፍ ራሱን ነቅንቆ ከለከለኝ። ፊቱን በእጅጌው ጠረገና ዞሮ ያንን የአማቱን ጥርስ ዘፈነላት። እስኪያስላት ድረስ ሳቀች። በዚህ እስከ ዛሬ ድረስ እናደድበታለሁ፤ ፈሪ ነበር።

በር ድረስ ሲሸኘኝ «ነገ» አለኝ። «ነገ እነግራታለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ኔሊ ዓይኗን አልገለጠችም፤ ሆስፒታል ወሰዷት። ደርሼ ሳይ ክሊፍ ጎንበስ ብሎ፣ ጆሮዋ ሥር ያንን ቀልድ የሌለበትን ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዘፍንላታል፤ ሲጨርስም ደግሞ ይጀምራል። ማታ እስክትሞት ድረስ ለዚያ ለማይሰማ ጆሮ ዘፈነ።