ልክነሽ በራሷ ለቅሶ ላይ

የኦቾሎ መንደሯ ልክነሽ ገና በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗንም ጆሮዋንም ወሰደባት። ሰው ሁሉ አበቃላት አለ፤ ሰው እንዲህ ማለት ይወዳል። እሷ ግን አደገች፣ ጥጥ ፈታይ ሆነች፣ ክሯንም የጨንቻ ሸማኔዎች ይሻሙበት ጀመር። መንደርተኛውን አንድ በአንድ እጁን ዳብሳ ታውቀዋለች። በወጉ የሚያጫውታት ግን ታናሽ ወንድሟ ዘካሪያስ ብቻ ነበር። ልጆች ሳሉ የፈጠሩት የመዳፍ ቋንቋ ነበራቸው፤ መዳፏን በጣቶቹ ቆርቆር ሲያደርግ ዝናብ ነው፣ ጭብጥ አድርጎ ሲዘጋው ሞት ነው። ከዘካሪያስ በቀር ያን ቋንቋ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1987 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአርባ ምንጯ ጥጥ ነጋዴ ሃና ጥጥ እንድትመርጥላት ልክነሽን በፒክአፕ ይዛት ወረደች። ዘካሪያስ እርሻ ላይ ስለነበር ለጎረቤቱ ለደበሌ፣ "እኔ ጋ ሰንብታ ትመጣለች በለው" አለችው። ደበሌ እሺ አለ፤ ወዲያው ረሳው።

በማግስቱ የልክነሽ ነጠላ ከመንደሩ ዳር ካለው ገደል አፋፍ፣ እሾህ ላይ ተሰቅሎ ተገኘ። ከአጥር ላይ ነፋስ ወስዶት ነበር። ይህን ግን ማንም አላሰበም። ልክነሽ ገደል ገባች ተባለና ለቅሶ ተቀመጡላት። ከሁሉ አብልጦ የጮኸው ደበሌ ነው። በጩኸቱ መሀል ሃና ትዝ አለችውና ክው አለ። ግን ድንኳኑ ተተክሏል፣ ንፍሮው በስሏል፣ ሰውም ከየመንደሩ መጥቷል፤ አሁን ተነስቶ አልሞተችም ማለት ነውር መሰለው። ስለዚህ ማልቀሱን ቀጠለ። እኔ ይህን ሰውዬ ባሰብኩት ቁጥር እናደዳለሁ።

ለቅሶው ሳይነሳ ሃና ልክነሽን መልሳ አመጣቻትና ከመንደሩ መግቢያ ላይ አውርዳት ሄደች። መንገዱን እግሯ ያውቀዋል። ጥቂት እንደተራመደች መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ብዙ ሰው እየዘለለ ነው፤ በእነሱ አገር እንዲህ የሚዘለለው ለለቅሶ ነው። ዘካሪያስ ቢሆንስ ብላ እየተደናበረች ሮጠች።

ለቀስተኛው ሲያያት ግማሹ ሸሸ፣ ግማሹ ደርቆ ቀረ። ቄስ ሰይፈሥላሴ እያማተቡ፣ "ልጄ፣ ሞተሽ የለም እንዴ?" አሏት። እሷ ምኑን ትስማ። እጃቸውን ይዛ ዳበሰች፤ እሳቸው በሕይወት አሉ። ወደሚቀጥለው አለፈች። የሞተውን እየፈለገች መሆኑ ለሰዉ ገባው፤ ማስረዳት ግን የሚችል የለም። ያለው አማራጭ እጅን ዘርግቶ መሰለፍ ነበር። እናም አልቃሾቹ ተራ በተራ እየቀረቡ በሕይወት መኖራቸውን ለሟቿ አረጋገጡ። ደበሌም ተሰለፈ።

ሰልፉ አለቀ፤ የዘካሪያስ እጅ የለም። ዘካሪያስ በገመድ ገደል ወርዶ ሬሳዋን እየፈለገ ነበር። ልክነሽ ግን ደረቷን እየመታች ወንድሟን አለቀሰችው። ሕዝቡም ዘካሪያስ ደህና መሆኑን እያወቀ አብሯት አለቀሰ። እንዴት ብሎ ዝም ይበል፤ እሷ እንዲያ አምርራ እያለቀሰች።

ጩኸቷ ገደሉ ድረስ ተሰማ። ዘካሪያስ ድምፁን ለየው። ጉልበቱ ተልጦ፣ ልብሱ ተቦጫጭቆ ወጣና እጁን እጇ ውስጥ ከተተ። ልክነሽ ጨምድዳ ያዘችው። ከዚያም፣ "ታዲያ ማን ሞተ?" ብላ መዳፉ ላይ ጠየቀች።

"አንቺ" አላት።

ልክነሽ ትንሽ አሰበች። ከዚያ ተነስታ እንደገና ዞረች፤ አሁን የምትዳብሰው እጅ ሳይሆን ጉንጭ ነበር። ማን እንዳለቀሰላት ማወቅ ፈለገች። ያላለቀሱት ቶሎ ብለው ጉንጫቸውን በምራቅ አራሱ። የደበሌ ጉንጭ ከሁሉም የረጠበ ስለነበር አዝናለት አባበለችው።

በመጨረሻ የወንድሟን ጉንጭ ነካች። ደረቅ ነው። ደግማ ዳበሰችው፤ ያው ደረቅ ነው። ከፋት።

"አንተ ለምን አላለቀስክልኝም?" አለችው።

ዘካሪያስ መዳፏን ገልጦ በጣቱ ቀስ ብሎ መለሰላት፦ "ገና እየፈለግሁሽ ነበር።"