በበዓል ያስራብሁት ባትሪ

ባትሪው ቤታችን የገባው በጊደራችን ምትክ ነው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ ዳሌዋ የሰፋ፣ የፎገራ ከብት ምን እንደሆነ በእሷ የሚታወቅ ነበረች። ባሌ ወረታ ገበያ ነድቶ ወሰዳትና ማታውን ጥቁር ሳጥን ከነሶላሩ ተሸክሞ መጣ። አንድ ዓይን አለው፤ ሲጠግብ አረንጓዴ፣ ሲርበው ቀይ።

"እሷ ትወልድ ነበር፤ ትታለብ ነበር። ይኼ ምን ይወልዳል?" አልሁት።

ምክንያቱን ግን አውቀው ነበር። ልጃችን አንበሳሜ ወደሚባል ከተማ ተድራ የመጀመሪያዋን አርግዛ ነበር። በእኛ አገር የበኵር ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ክረምት ሲገባ ግን ሜዳው ላይ ውኃ ይተኛል፤ መቼ ወደ እኛ እንደምትነሣ የምትነግረን በስልክ ብቻ ነው። ስልክ ለማስሞላት ደግሞ ወረታ ድረስ በጭቃ መሄድ አለ። እኔ ፈሪ ነኝ። ነጎድጓድ እፈራለሁ፣ ውኃ ይዞት የሚመጣውን እባብ እፈራለሁ፤ ባሌ ከጥላሽ ጋር ተጣልተሽ ትኖሪያለሽ እያለ ይስቅብኛል። ስልኩ ሞቶ ልጄ ምጥ ቢይዛትስ ስለው ግን አልሳቀም፤ ጊደሯን ፈታ።

ነጋዴው በደንብ ከያዛችሁት ዓመታት ያገለግላል፣ ካደከማችሁት ቶሎ ይሞታል ብሎታል። ሦስተኛ ክፍል ሳልጨርስ የወጣሁ ብሆንም ድካምን የሚያስተምረኝ ሰው አያስፈልገኝም። የደከመ ያርፋል። በቀበሌያችን በሬ በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም፣ ቅዳሜና እሑድ ቀንበር አይነካም፤ ከበዓል የተረፈ ቀን ከተገኘ ይታረስበታል። እኔም በየበዓሉ ማለዳ ጣራው ላይ ከተሰቀለው ሶላር የሚወርደውን ገመድ ከባትሪው እየነቀልሁ፣ ነጠላዬን አልብሼ አሳርፈው ጀመር። ባሌ ምን መሆንሽ ነው ሲለኝ፣ ከአንተ እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ በዓል ያከብራል አልሁት። ሲመሽ ግን አምፖሉን እናበራለን፣ የእኛንም የጎረቤቱንም ስልክ እንሰካበታለን። ያን ከሥራ አልቆጠርሁትም። ከፀሐይ እሳት መሳብ ነበር ሥራ የመሰለኝ።

ነሐሴ ላይ ሚካኤል፣ በማግስቱ ቡሄ፣ ቀጥሎ ኪዳነ ምሕረት መጡ፤ በመካከሉ ቅዳሜና እሑድ፣ የቀረውን ደመና ወሰደው። ዓይኑ ቀላ፤ ከዚያ ጭራሽ ተጨፈነ። ይበልጥ አሳረፍሁት።

በሃያ አንድ፣ በማርያም ጠዋት፣ ስልኩ ጮኸ። ልጄ ናት። "እማ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አሁን..." አለችና ጠፋች። ስልኩ ጠቁሯል። ውጭ፣ ያን ሁሉ ቀን ተደብቃ የከረመች ፀሐይ ጣራውን ታነደዋለች።

ባሌ ገመዱን አንሥቶ ሊሰካ ሲል ፊቱ ቆምሁ። ሴት ምጥ ሲይዛት የምትጠራው ማርያምን ነው። ልጄ ስሟን እየጠራች እኔ ቀኗን ልሽር? ሳጥኑን አቀፍሁት። ባሌም ጊደሬን መልሽልኝና እስከ ጳጉሜን አሳርፊው አለኝ።

እንዲህ ስንጨቃጨቅ የንስሐ አባታችን ከቅዳሴ ወጥተው፣ የሞተ ስልካቸውን በካባቸው ሥር ይዘው ገቡ። በማርያም ቀን ስልክ ሊያስሞሉ። ሌላ ቀን ቢሆን በሆዴ እስቅ ነበር። ሁሉንም ነገርኋቸው። ነጠላ የለበሰውን ባትሪ አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"ልጄ፣ በዛሬው ቀን በሬሽን ከቀንበር ትፈችዋለሽ?"

"እፈታለሁ እንጂ፣ አባቴ።"

"ሣርስ ትከለክይዋለሽ?"

"ኧረ ምን በደለ ብዬ!"

ጣታቸውን ወደ ጣራው ቀሰሩ። "የዚህ ሣሩ እዚያ ነው። በበዓል እያስራብሽ ማታ ማታ ስትጠምጅው ከረምሽ።" ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሲጠግብ የእኔንም አትርሽ አሉኝ።

ገመዱን ራሴ ሰካሁት። ከፊቱ ቁጭ ብዬ፣ ጊደሬን እንዲያ ለምኛት የማላውቀውን ለመንሁት። ፀሐይዋ ከአናት ስትደርስ ዓይኑን ገለጠ፤ ስልኩም ነቃ። ወዲያው ጮኸ።

"ምን ሆናችሁ ነው? ወደ አንች ስመጣ መንገድ ላይ ያዘኝ፤ ወረታ ጤና ጣቢያ ነኝ። ቤትሽ አልደርስም፣ እማ። አንች ነይልኝ።"

ከባትሪው ላይ ነጠላዬን ገፍፌ ወጣሁ። ስልኩን ከአናቴ በላይ ይዤ፣ ጭቃውን እስከ ጉልበቴ እየቀዘፍሁ ደረስሁ። እጄን ይዛ፣ ማርያምን እየጠራች ወለደች። ሴት ናት። በዚያው ነጠላ ጠቀለልኋት።

ባሌ ከኋላዬ ደርሶ የሕፃኗን ፊት ገለጥ አደረገ። "ምን ይወልዳል ስትይ አልነበር?" አለኝ። "ይኸው፣ ጊደራችንን መለሰልን።"

ሰው ባይኖር እመታው ነበር። እስከ ዛሬ በማርያም ማለዳ ያን ገመድ ሳየው ልነቅለው እጄን ይበላኛል። ግን አልነካውም፤ ይራብብኛል ብዬ ፈርቼ ነው።